ገበቴና የሎተሪ ቲኬት

አንድ የአሶሳ ልጅ የሆነ ጓደኛ አለን። ደብተሩን ብትገልጡት የትምህርት ማስታወሻ አታገኙበትም፤ የወጡ የሎተሪ ቁጥሮች መዝገብ ነው። «7 ከጠፋች ቆየች፣ አሁን ተራዋ ነው» ይለናል። ቲኬት የሚገዛበትን ብር እናቱ ከወንዝ ዳር ወርቅ አጥበው ነው የሚልኩለት። ይሄ ነገር ያስቃልም፣ ያሳዝናልም። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው።

ቤኒሻንጉል ውስጥ ዕድልን መፈለግ የተጀመረው ሎተሪ ሲመጣ አይደለም። የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ጦሩን ወደ ሱዳን ያዘመተው ባሪያና ወርቅ ፍለጋ ነበር። በ1838 ደግሞ ሰባ ሊሞላው ሲቃረብ እሱ ራሱ ወርቁን ለማየት እስከ ፋዞግሊ፣ እስከ ቤኒሻንጉል ደጃፍ ድረስ ለመድረስ ጉዞ ጀመረ። ያሰበውን ያህል ግን አላገኘም። የአገሬው አጣቢ በገበቴው ያገኝ ነበር። ለምን ቢሉ፣ ወርቅ ከውሃ 19 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ወንዙ በሚታጠፍበትና ድንጋይ በሚጋርድበት ቦታ ከጥቁር አሸዋ ጋር ይዘቅጣል። አጣቢው ይህን ምልክት ያነባል።

ቁጥር የሚያነብም አልጠፋም። በሱዳንም ሆነ በሰፊው የእስልምና ዓለም የታወቀው የአሸዋ ንባብ፣ ረመል፣ ነጠላና ጥንድ ነጥቦችን እየደረደረ ከ16 ምስሎች ዕጣ ፈንታን ይፈልጋል። በደጋው አገር አውደ ነገሥት የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ደምሮ በ12 ይገድፋል፤ የተረፈው ኮከቡን ይነግረዋል። እንግዲህ በ1961 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ሎተሪ ሲቋቋም ቁጥር ፈላጊው ባዶ እጁን አልነበረም።

«የኔ ግን ሳይንስ ነው» ይላል ጓደኛችን። ኧረ ተው! የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አንስቶታል። በአገሩ ሎተሪ አንድ ቁጥር ሳይወጣ ሲቆይ ሕዝቡ ገንዘቡን ይዞ ይረባረብበት ነበር። ያለፈው ዕጣ ግን በሚመጣው ላይ ሥልጣን የለውም። በመጨረሻው አሃዝ 7 የመውጣት ዕድሏ ከ10 አንድ ነው፤ ዓመት ሙሉ ብትጠፋም ያው ከ10 አንድ ነው። ስድስት አሃዝ ሙሉ ለመግጠም ደግሞ ከ1,000,000 አንድ።

የወንዝ አሸዋ ትናንት የሆነውን ያስታውሳል፤ የዕጣ ማውጫው አያስታውስም። እናትየው የሚያነቡት ምልክት አላቸው፤ ልጁ የለውም።

ይህን ስነግረው ስቆ «ማስተዛዘኛ እኮ ደርሶኝ ያውቃል» አለ። ደብተሩን መለስኩለትና የከፈለውን ከደረሰው ጋር እንዲያስተያይ ጠየቅሁት። እስከ ዛሬ አልደመረም።