የመምህሩን መምህር ቃል የፈተነ ተማሪ

የሰው ሥጋ ከውጭ የገባበትን ጠላት ይዋጋል እንጂ በራሱ ላይ አይነሣም የሚለው ነገር፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ሊቃውንት ዘንድ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል እንደ ሕግ ተይዞ ኖረ። የነገሩ መነሻ ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊኽ ነው። እርሱና ባልንጀራው ሞርገንሮት የፍየልን ደም ለሌላ ፍየል በመርፌ ቢሰጡ፥ ተቀባዩ የሌላውን ደም የሚያፈርስ መከላከያ አበጀ፤ የገዛ ደሙን የሚያፈርስ ግን አልተገኘበትም። ይህንም ኤርሊኽ በ1901 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) «ሆሮር አውቶቶክሲኩስ» አለው፤ ራስን መመረዝ መፍራት ማለት ነው። እርሱ ያለው፥ እንዲህ ያለ መከላከያ ቢፈጠር እንኳ ሰውነት የሚገታበት ብልሃት አለው ነበር፤ በኋላ የተነሡት ግን ከቶ አይፈጠርም አሉ። ቃልን ከባለቤቱ ይልቅ ማክረር የደቀ መዛሙርት ልማድ ነው።

ከኤርሊኽ ሃንስ ዛክስ ተማረ፤ ከዛክስም በሃይደልበርግ ኤርንስት ዊተብስኪ። ዊተብስኪ አይሁዳዊ ነበረና ናዚዎች በነገሡ ጊዜ ተሰዶ፥ በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ ወንበር ዘረጋ። በ1927 የተወለደው ኖኤል ሮዝ በ1951 ወደ እርሱ ገባ።

ሮዝ እንቅርት ከሚወጣበት፥ ታይሮይድ ከሚባለው የአንገት ዕጢ ፕሮቲን እያጣራ ይመረምር ነበር። ከአንዲት ጥንቸል የዕጢዋን ከፊል ቈርጦ፥ ከእርሱ ያወጣውን ከማነቃቂያ መድኃኒት ጋር ለዚያችው ጥንቸል መልሶ ወጋት። በደሟም በገዛ ዕጢዋ ላይ የተነሣ መከላከያ ተገኘ፤ የቀረውም ዕጢ ቈስሎ ታየ። ዊተብስኪ ይህን በሰማ ጊዜ አላመነም። የመምህሩን መምህር ቃል የሚያፈርስ ነገር ነውና፥ ሥራው ደግሞ ደጋግሞ እንዲፈተን አዘዘ። ዓመታት አለፉ። አንዳንዶች ይህን ፍርሃት ይሉታል፤ ነገር ግን ውጤቱን አልሸሸገም፥ ከተማሪውም ጋር ስሙን አኑሮ በ1956 አሳተመው። በዚያው ዓመት በለንደን ሮይት፥ ዶንያክና ባልደረቦቻቸው፥ ጃፓናዊው ሐኪም ሃሺሞቶ በ1912 የገለጠው የዕጢ ደዌ በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ይህንኑ መከላከያ አገኙ። ነገሩ የጥንቸል ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ።

በ1957 ዊተብስኪ አንድ ደዌ በእውነት ሰውነት በራሱ ላይ በመነሣቱ የመጣ መሆኑ የሚታወቅበትን መመዘኛ ሠራ፤ ይኸውም መከላከያው በበሽተኛው እንዲገኝ፥ የተነሣበትም ነገር ተለይቶ እንዲታወቅ፥ ደዌውም በእንስሳ ላይ እንዲታይ የሚጠይቅ ነው።

ሮዝ እያስተማረ ሕክምናን ተምሮ በ1964 ሐኪም ሆነ፤ በ1982 ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሄዶ የልብ ጡንቻ ብግነትን መረመረ፤ በ2020 በ92 ዓመቱ አረፈ። ዊተብስኪ በ1969 ከሞተ በኋላ፥ በ1993 ሮዝና ቦና የሚባል ሊቅ ያን የመምህሩን መመዘኛ እንደ ገና መርምረው አሻሻሉት።