ከጋፋት እስከ መቅደላ፤ ስለ ሴባስቶፖል መድፍ

ደብረ ታቦርን ያየ ሰው የጋፋትን ስም ሳይሰማ አይመለስም። ከከተማው ጥቂት ርቃ የምትገኝ ትንሽ ስፍራ ናት፤ ይሁን እንጂ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከተሠሩት መድፎች ሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የቀለጠው በእርስዋ ላይ ነው።

የነገሩ አስደናቂነት ከመድፉ ይልቅ በሠሪዎቹ ላይ ነው። ቴዎፊል ዋልድማየርና ዛልሙለር፥ ቤንደርና ማየር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ነሐስ ሊያቀልጡ ሳይኾን መጽሐፍ ቅዱስ ሊያድሉ ነበረ። በባዜል ከተማ አጠገብ ባለው በክሪሾና ትምህርት ቤት ከስብከት ጋራ የእጅ ሥራ ተምረው፥ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ በነበረው በሳሙኤል ጎባት አማካይነት ተላኩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉ። ሰዎቹ መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉ ንጉሡ አልተቀበሉዋቸውም። ሞክሩ ተባሉ፥ ሞከሩ፥ ሳይኾንላቸው ቀረ፥ ደግሞ ሞከሩ፤ እንዲህ እያሉ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደረሱ። ከነርሱ ጋራ የፖላንድ ተወላጅ የኾነ ሞሪትስ ሃል የሚባል መድፍ አቅላጭ ነበረ፤ የእርሱ ነገር ኋላ ይነገራል።

ስሙም ራሱ ታሪክ አለው። ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ዳር ያለች፥ በዚያን ጊዜ የመስኮብ ወደብ የነበረች ከተማ ናት። በ1847 ዓ.ም. የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይና የቱርክ ጦር ዓመቱን ሙሉ ያህል ከብቧት በመጨረሻ ያዛት። ንጉሡም በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ነው። ለመድፍ የወደቀች ከተማ ስም መስጠት እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሴባስቶፖል በዓለም የተሰማችው በመውደቅዋ ሳይኾን በመጽናትዋ ነበረ።

የመድፉ ክብደት ወደ 7 ቶን ይደርሳል፤ ይኸውም 70 ኩንታል ማለት ነው። 70 ኩንታል እህል ቢኾን ለብዙ አህያ ተከፋፍሎ ይጫናል፤ ይህ ግን የማይከፈል አንድ አካል ነው። በ1860 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ መድፎቹን በሠረገላ አስጭነው ወደ መቅደላ ጕዞ ዠመሩ። መንገደኛ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው አገር አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ። የደጋው ሜዳ ይሻል ነበረ፤ መከራው የጅዳና የበሽሎ ገደል ነው። ድንጋዩ በባሩድ እየተሰበረ፥ ገደሉ እየተቈረጠ መንገድ ወጣለት፤ ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው ከሠራተኛው ጋራ ይሠሩ ነበረ። ቍልቍለቱ ከዳገቱ ይብስ ነበረ፤ ዳገቱን ጐትተው ያወጡት ሰዎች ቍልቍለቱን ወደ ኋላ እየያዙ ማውረድ ነበረባቸውና።

በዚያው ወራት ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ይገሠግሥ ነበረ። ለእርሱ ከባድ መድፉን የተሸከሙለት ከህንድ የመጡ ዝሆኖች ናቸው፤ ቍጥራቸውም 44 ነበረ። የእንግሊዝ ጦር ከጅዳ ገደል አፋፍ ሲደርስ የተሠራ መንገድ ቈየው። ንጉሡ ለመድፋቸው ብለው ያስቈረጡት ነበረ፤ ጠላታቸውም በእርሱ ወረደ።

ውጊያው በእሮጌ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ኾነ፤ ዕለቱም ዓርብ ስቅለት ነበረ። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያና የኤውሮጳ ፋሲካ በአንድ ቀን ስለ ዋለ፥ ሁለቱም ወገን ክርስቲያን ነን እያሉ ጌታ በተሰቀለበት ዕለት ተገዳደሉ። ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ ወደቁ። ያን ያህል ከተደከመባቸው ትላልቅ መድፎች አንዱ ሲተኰስ ፈነዳ፤ የሌሎቹም ጥይት በጠላት ራስ ላይ አለፈ። ሚያዝያ 6 ቀን፥ በፋሲካ ማግሥት፥ በማዕዶት ሰኞ ዐፄ ቴዎድሮስ በሽጕጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

ድል አድራጊው ጦር ንጉሡ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አምጥተው በመቅደላ ያከማቹዋቸውን የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ዘረፈ። ምርኮውን ወደ ደላንታ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚኾኑ በቅሎዎች ተጫኑ፤ በዚያም በሐራጅ ተሸጠ። መድፍ ያመጡ ዝሆኖች መጽሐፍ ይዘው ተመለሱ። ብዙዎቹ ብራናዎች ዛሬ በለንደን ናቸው። ሴባስቶፖልን ግን ከክብደቱ የተነሣ ማንም ሊወስደው አልቻለም፤ አሁንም በመቅደላ አምባ ላይ አለ።

ሞሪትስ ሃል ኤድዋርድ ዛንደር ከተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደችውን ወለተ ኢየሱስን አግብቶ ነበረ። በዚያው በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፤ ስምዋንም ማግዳሌና አሏት። ማግዳሌና አድጋ ፕላቶን ኡስቲኖቭ የሚባል መስኮባዊ ባላባት አገባች፤ የልጅ ልጅዋም በእንግሊዝ አገር በተዋናይነትና በደራሲነት ስሙ የገነነው ፒተር ኡስቲኖቭ ነው።