ዳርቻው የማን ነው? የሲድኒ «አረንጓዴ እገዳ» ታሪክና ትምህርቱ

ከዓለም ታላላቅ ከተሞች ብዙዎቹ የተቆረቆሩት በውኃ ዳርቻ ነው። በቀደመው ዘመን ዳርቻው የመርከብ ማራገፊያ፥ የመጋዘንና የፋብሪካ ስፍራ፥ የወደብ ሠራተኛውም መኖሪያ ነበር። ወደቡ ሲዛወርና ፋብሪካው ሲዘጋ ግን ትናንት የተናቀው መሬት በድንገት ይወደዳል። ያን ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ፤ በዳርቻው ላይ ምን ይሠራበት? ስንት ፎቅ ይቁምበት? ማንስ ይኑርበት? የፊተኞቹ ሁለቱ ለመሐንዲስና ለፕላን አዋቂ የተተዉ ቢመስሉም፥ የሦስተኛው መልስ በውስጣቸው ተሰውሮ ይገኛል። በአውስትራሊያዋ ከተማ በሲድኒ ከ1971 ጀምሮ የተካሄደው ትግል ይህን እውነት ገልጦ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲድኒን የግንባታ ትኩሳት ይዟት ነበር። አሮጌው ቤት እየፈረሰ በቦታው የቢሮ ፎቅ ይነሣል። መሠረቱን የሚቆፍረው፥ ኮንክሪቱን የሚያፈሰው፥ አሮጌውን ግድግዳ የሚያፈርሰው ሠራተኛ የታቀፈው በግንባታ ሠራተኞች ፌዴሬሽን የኒው ሳውዝ ዌልስ ቅርንጫፍ ውስጥ ነበር። ከመሪዎቹ መካከል ጃክ ማንዲ፥ ቦብ ፕሪንግልና ጆ ኦውንስ ይገኙበታል። ማንዲ የአውስትራሊያ ኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር። ማኅበሩ አስቀድሞ የታገለው ለደመወዝና ለሥራ ቦታ ደኅንነት ነው። ከዚያም አልፎ፥ ሠራተኛው በገዛ እጁ የሚያቆመው ሕንፃ ማንን እንደሚጠቅም፥ ማንን እንደሚያፈናቅል የመጠየቅ መብት የለውምን? ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ከሐሳብ ወደ ተግባር የተሸጋገረው ባልታሰበ በር ነው። በሃንተርስ ሂል ሰፈር፥ በፓራማታ ወንዝ ዳር፥ የኬሊ ዱር የሚባል ወደ 5 ሄክታር የሚጠጋ ቦታ ነበር። ዱሩ በብረታ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካና በመኖሪያ ቤቶች መካከል እንደ አጥር ሆኖ ለብዙ ዘመን ቆየ። ፋብሪካው በ1967 ሲነሣ አንድ የቤት ሥራ ኩባንያ መሬቱን ለመያዝ ተንቀሳቀሰ። የመጀመሪያ እቅዱ ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ 25 የቅንጦት ቤቶች ዝቅ አደረገው። የቤቱ ቁጥር ቢቀንስም የነገሩ ሥር አልተለወጠም፤ በፕላን ለክፍት ቦታ የተመደበው መሬት ወደ ግል መኖሪያነት ሊዛወር ነው።

በ1970 ከሰፈሩ 13 ሴቶች ተባብረው ተነሡ። ለባለ ሥልጣናት አቤቱታ አቀረቡ፥ ደጅ ጠኑ። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ግን በ1971 የምደባውን ለውጥ አጸደቀ። የመንግሥት በር ሲዘጋባቸው የሠራተኛ ማኅበርን በር አንኳኩ። ሴቶቹ የተደላደለ ኑሮ ያላቸው፥ ከሠራተኛ ማኅበርም ጋር ትውውቅ ያልነበራቸው ነበሩ። ማኅበሩ ጥያቄው የጥቂቶች ሳይሆን የሰፈሩ መሆኑ በሕዝብ ስብሰባ ይረጋገጥ አለ። ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች ተሰብስበው ድጋፋቸውን ገለጡ፤ እገዳውም ታወጀ። ኩባንያው በማኅበር ባልታቀፉ ሠራተኞች እንደሚሠራ ሲዝት፥ በሰሜን ሲድኒ የኩባንያውን የቢሮ ሕንፃ ያቆሙ የነበሩት ሠራተኞች፥ ከዱሩ አንዲት ዛፍ ብትነካ ያ ሕንፃ በጅምር ለዘላለም እንደሚቀር አስታወቁ። ዱሩ ዳነ። በ1983 መንግሥት ገዝቶ የሕዝብ አደረገው።

ይሁን እንጂ ባለጸጎች ሰፈራቸውን ከሌላ ሰው ለመከለል የግንባታ ጥግግትን መቃወማቸው በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። ሠራተኛው የእነርሱ ዘበኛ ሆኖ ቀረን? የማኅበሩ መልስ በቀጣዩ ሥራው ታየ። ከ1971 እስከ 1974 በተጣሉት ከ40 በላይ እገዳዎች ውስጥ የድኾች ሰፈሮች ዋነኛውን ስፍራ ያዙ። ሠራተኛው ሥራ አልጠላም፤ ባዶ ከሚቀር የቢሮ ፎቅ ይልቅ ሆስፒታል፥ ትምህርት ቤትና የሠራተኛ መኖሪያ ብንሠራ ይሻላል አለ እንጂ። እገዳው ከራሱ እንጀራ ላይ የሚቆረስ መሆኑን እያወቀ ድምፅ መስጠቱ ለቃሉ ክብደት ሰጠው።

ዘ ሮክስ የሚባለው የወደብ ሰፈር እንግሊዞች በ1788 የጋዲጋልን ሕዝብ ምድር ይዘው የሰፈሩበት ነው። በ1970ዎቹ መባቻ የተቋቋመው የመልሶ ማልማት ባለ ሥልጣን ሰፈሩን አፍርሶ ረጃጅም የቢሮ ፎቆች ሊተክልበት አቀደ። ነዋሪዎች በኒታ ማክሬ መሪነት ተደራጁ፤ ማኅበሩም አገደ። በ1973 ማፍረሱ በሌሎች ሠራተኞች ሲጀመር ግጭት ተነሣ፤ ፖሊስ ማንዲን ተሸክሞ ከስፍራው አወጣው። በመጨረሻ እቅዱ ተሻሻለ፥ ብዙው አሮጌ ቤት ቆመ። በዉሉሙሉ ደግሞ በ1975 የፌዴራሉ መንግሥት፥ የክፍለ ግዛቱና የከተማው ምክር ቤት በአንድ ውል ተስማምተው፥ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሕዝብ የመንግሥት ቤት እንዲሠራ ተደረገ።

ማኅበሩ ግን ብዙ አልቆየም። በ1974 እና በ1975 የፌዴሬሽኑ ማዕከላዊ አመራር ቅርንጫፉን ተቆጣጠረ፤ ማንዲና ጓዶቹም ተባረሩ። የዘሩት ግን በሕግ በቀለ። በ1977 የቅርስ ሕግ፥ በ1979 ነዋሪው በፕላን ላይ ሐሳብ የሚሰጥበት ሕግ ወጣ፤ በ1980 የመሬትና የአካባቢ ፍርድ ቤት ሥራ ጀመረ። የሠራተኞቹን ታሪክ ፓት ፊስክ በ1985 ባወጣችው «ሮኪንግ ዘ ፋውንዴሽንስ» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልም አቆየችው፤ እርሷም ራሷ በግንባታ ሠራተኝነት ያገለገለች ነበረች።

የታሪኩ ከባድ ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። በዘ ሮክስ ከነበሩበት ለተነሡ ነዋሪዎች ሲሪየስ የተባለ 79 መኖሪያ ያለው የመንግሥት ሕንፃ በ1980 ተጠናቀቀ። ከ34 ዓመት በኋላ፥ በ2014፥ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ሲሪየስንና በአካባቢው ያሉትን የመንግሥት ቤቶች ለመሸጥ መወሰኑን አስታወቀ። የቅርስ ምክር ቤት ሕንፃው ይመዝገብ ሲል፥ ሚኒስትሩ የሽያጩን ዋጋ ይቀንሳል በማለት በ2016 እምቢ አሉ። በትግሉ ማግስት የተቋቋመው ያ ፍርድ ቤት በ2017 ውሳኔያቸውን ሻረው፤ ሆኖም ምዝገባው እንደገና ተከለከለ። የመጨረሻዋ ነዋሪ በ2018 ወጡ፤ ሕንፃው በ2019 በ150 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተሸጦ የባለጸጎች መኖሪያ ሆነ። ማንዲ በማግሥቱ ዓመት በ2020 ዐረፈ።

እነሆ ግድግዳው ቆሟል፥ ነዋሪው ግን የለም። የኬሊ ዱር ዛሬም የሁሉ ነው፤ በዉሉሙሉ ውል ያሰረው ቤት ለድኻው ሲሠራ፥ ውል ያላሰረው ሲሪየስ ገበያ ወሰደው። መፍረስን ማገድ ድንጋዩን ያድናል፤ ሰውን የሚያድነው ግን መሬቱና ቤቱ በማን እጅ እንደሚቆዩ የሚወስን፥ ከአንድ ሚኒስትር ፊርማ የጠነከረ ሕግ ነው። እንግዲህ በውኃ ዳር ስለ ፎቅ ቁጥር በሚከራከር ሸንጎ ሁሉ ፊት ቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ፥ በዚያ ፎቅ መስኮት ወደ ውኃው የሚመለከተው ማን ነው? የሚለው ነው።