«ዕድሜ ማራዘሚያ» በጭላሎ ግርጌ

ሕዝብ ለአንድ ነገር ስም ሲያወጣ ነገሩን ብቻ አይሰይምም፤ የገዛ ፍርኀቱንና ተስፋውንም አብሮ ይሰይማል። ሐኪሞች «ፀረ ኤች አይ ቪ» የሚሉትን መድኃኒት ሕዝባችን «ዕድሜ ማራዘሚያ» አለው። በስሙ ውስጥ «አያድንም፣ ግን ያቆያል» የሚል ፍርድ አለ። እኔ ይህን ስም መጀመሪያ የሰማሁት አሰላ፣ አክስቴ ጓዳ ውስጥ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ታሪኩን ከሥሩ ላንሣ። በኢትዮጵያ የቫይረሱ ምልክት በደም ናሙና ላይ የታየው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ያህል ዓመታት የቀብር ዓመታት ነበሩ። የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ «ማን ሞተ?» ይባላል እንጂ «በምን ሞተ?» አይባልም፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም።

በሐምሌ 1988 ዓ.ም. ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ታላቅ የምሥራች ተሰማ። አንድ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ቫይረሱ ቶሎ ይለምደዋል፤ ሦስት ሲቀናጁበት ግን ማምለጫ ያጣል። የምሥራቹ በቅድሚያ የደረሰው ለባለጸጋ አገሮች ነው። በዚያው ሰሞን ከአዳማ አጠገብ ባለው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የኢትዮ-ኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃደኛ ሠራተኞችን በቅርብ ይከታተል ነበር። ደማቸው ለዕውቀት ዋለ፤ መድኃኒቱ ግን ገና አልደረሰላቸውም።

በኢትዮጵያ ሕክምናው በክፍያ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በነጻ መሰጠት የጀመረው ደግሞ በጥር 1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀስ በቀስም ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። ለዚህ ቀን መንገዱን ከጠረጉት መካከል መቅድምና ተስፋ ጎህን የመሳሰሉ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖች ያቋቋሟቸው ማኅበራት ይገኙበታል።

አክስቴ የጀመረችው በ1998 ዓ.ም. ነው። አሰላ ሆስፒታል እያለላት 75 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አዳማ ድረስ ትሄድ ነበር፤ በኩሉምሳና በኢተያ አልፋ፣ ዴራን አቋርጣ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ «የሚያውቀኝ ያየኛል» የሚል ፍርኀት። ብልቃጡ በቦርሳዋ ውስጥ እንዳይንኳኳ ጥጥ ትጠቀጥቅበት ነበር። መድኃኒቱ ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን በአንድ ፍሬ የተቀመሙበት ሆኖ፣ ጠዋትና ማታ ይዋጣል። ኔቪራፒን ቆዳንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የመጀመሪያዎቹን 14 ቀናት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንድትወስደው፣ ሽፍታ ካየችም ሳትውል ሳታድር እንድትመለስ ነገሯት። ሰዓት ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። «ልጄ፣ ሁለት ሰዓት ሞላ ወይ?» ስትለኝ የቴሌቪዥኑን ዜና እከፍታለሁ፤ እሷ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሰውነቷ ሲያገግም ጉንጮቿ ጎደጎዱ፤ እግሯም ሌሊት ሌሊት ይቃጠል ጀመር። ይህ የስታቩዲን ጠባይ ነበር። ሕይወት ያተረፈው መድኃኒት ምሥጢሯን ፊቷ ላይ ጻፈባት። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ይህን መድኃኒት ቀስ በቀስ እንዲተዉት የመከረው በ2002 ዓ.ም. ነው።

በ1999 ዓ.ም. ጸበል ገባች። «እምነትና ኪኒን አብረው አይሄዱም» ያላት ሰው ስለነበር መድኃኒቷን አቋረጠች። በዚያው ዓመት አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረው ነበር፤ ቃሉ ግን እሷ ዘንድ በጊዜ አልደረሰም። በድንገት ማቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት ይህ ነው፤ ሁለቱ መድኃኒቶች ከደም ቶሎ ሲወጡ ኔቪራፒን ብዙ ቀን ይቆያል፤ ቫይረሱም ብቻውን ያገኘውን ጠላት ይለማመደዋል። ከቫንኩቨር በፊት የነበረው ስሕተት በአንዲት ሴት ገላ ውስጥ ይደገማል ማለት ነው።

አክስቴ እየሳለች ተመለሰች፤ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። መጀመሪያ የነቀርሳውን መድኃኒት አስጀመሯት፤ ከሳምንታት በኋላ ወደ ፀረ ኤች አይ ቪው መለሷት። የነቀርሳው መድኃኒት ሪፋምፒሲን የኔቪራፒንን ኃይል ስለሚቀንስ በኤፋቪሬንዝ ተተካላት። እሱ ማታ፣ ቅባት ከበዛበት ምግብ ርቆ የሚወሰድ ሲሆን ሕልም ያበዛል። «ሌሊቱን ሙሉ ሠርግ ቤት ስጨፍር አደርኩ» እያለች ታስቀን ነበር። ዕድለኛ ሆና ቫይረሱ እንደገና ተገታላት።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ዶሉቴግራቪር ያለበት፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ አንድ ፍሬ በአገራችን ተስፋፋ። ለሚጾም ሰውም ቀለል ይላል፤ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ወስዶ ማደር ይቻላል። እሱም ቢሆን የራሱ ጠንቅ አለው። የጨጓራ ማስታገሻ፣ የብረትና የካልሲየም ኪኒን ከሆድ እንዳይሰርግ ስለሚይዙት፣ እሱን ከእነርሱ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት አሳልፎ መዋጥ ይገባል። ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ከ12 ሰዓት በኋላ ሌላ ዶሉቴግራቪር ይጨመርለታል። ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛም ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ የሜትፎርሚኑ መጠን በደም ውስጥ ከፍ ይላልና። ዕድሜው በእርግጥ ስለተራዘመ የእርጅና በሽታዎች መጡ፤ ኪኒን ከኪኒን መገናኘቱ አዲሱ ፈተና ሆነ።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። በዚያ ሰሞን አክስቴ ደውላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ፣ ሊቀር ነው እንዴ?» ምን እንደምመልስላት ጨነቀኝ። ሃያ ዓመት አንድም ቀን አታሳልፊ ተብላ የተመከረች ሴት፣ ማሳለፍና አለማሳለፉ በእጇ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ ለግለሰብ የተነገረ ይመስላል፤ ለአገርም ይሠራል። ዛሬ አክስቴ መድኃኒቷን እዚያው አሰላ ትወስዳለች፤ ጥጡም ቀርቷል። ስሙንም ለውጣዋለች፤ «ዕድሜ ማራዘሚያ» አትለውም፣ «መድኃኒቴ» ነው የምትለው።