በረመዳን ትኩስ መጠጦች፦ ለኢፍጣርና ለሱሑር የትኛው ይመረጣል? እንዴትስ ይዘጋጃል?

የመግሪብ አዛን ሲቃረብ በናይሮቢዋ ኢስሊ ሰፈር መንገዱን የሚያውደው የሳምቡሳ ሽታ ብቻ አይደለም። ሄል፣ ቀረፋና ዝንጅብል የገባበት ሻይ ይፈላል፤ ቴምርና ውሃም ከጎኑ ይሰናዳል።

"ትንሿ ሞቃዲሾ" በሚል ቅጽል የምትታወቀው ኢስሊ ሶማሌዎች በብዛት የሚኖሩባት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ በርካታ ሰዎችም የተጠለሉባት ሰፈር ናት። በ2019 (እ.አ.አ) በተካሄደው የኬንያ ሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከአገሪቱ ነዋሪዎች 10.9 በመቶ ያህሉ ሙስሊሞች ናቸው።

ናይሮቢ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ረመዳን በየትኛውም ወቅት ቢውል የጾሙ ርዝመት ከ13 ሰዓት ተኩል እምብዛም አይርቅም። ከዚህ ሁሉ ሰዓት በኋላ ሰውነት ትኩስ ነገር ሲያገኝ መዝናናቱ አይቀርም። ይሁንና የመጠጡ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የሚጠጣበት ሰዓት፣ የሙቀቱ መጠንና የሚጨመርበት ስኳር በጤና ላይ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሾርባ ወይም አጥሚት

ጾምን በቴምርና በውሃ መፍታት የቆየ ሃይማኖታዊ ልማድ ነው። ለሰውነትም ይስማማል፤ ውሃው የጎደለውን ፈሳሽ ይተካል፣ ቴምሩም ኃይል ይሰጣል።

ከዚያ በኋላ ለብ ያለ ሾርባ ወይም አጥሚት ለባዶ ሆድ አይከብድም። የኬንያውያኑ "ኡጂ" ከኢትዮጵያው አጥሚት ጋር የሚቀራረብ ሲሆን ከዳጉሳ፣ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ይሠራል። ዱቄቱ በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ወደ ፈላው ውሃ ቢጨመርና እስኪበስል ቢማሰል አይጓጉልም። ሾርባው ጨው ሲበዛበት ግን ሌሊቱን ጥሙን ያብሳል።

ሻይ ከምግብ ጋር ወይስ ከምግብ በኋላ?

ኬንያ በዓለም ገበያ ግንባር ቀደም ከሆኑት የጥቁር ሻይ ላኪ አገራት አንዷ ናት። በአብዛኞቹ የናይሮቢ ቤቶች ሻይ የሚፈላው ከወተት ጋር ሲሆን፣ ወተት የሌለበት ሻይ "ቻይ ያ ራንጊ" ይባላል።

የሶማሌዎቹን ሻይ ለማዘጋጀት ቀረፋ፣ ሄል፣ ጥቂት ቅርንፉድና ዝንጅብል በሙቀጫ ይወቀጣሉ። ቅመሞቹ በውሃ ለጥቂት ደቂቃዎች ከፈሉ በኋላ ሻይ ቅጠሉ ይገባል፤ ወተት የሚጨመረውም በመጨረሻ ነው። ቅጠሉ ከመጠን በላይ ከፈላ ሻዩ ይመርራል፤ ያን ለመሸፈን ደግሞ ስኳር ይበዛል።

በኢስሊ ከኢሲኦሎ አካባቢ የሚመጣ የግመል ወተትም ለሻይ ይውላል። ወተቱ ከ270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የሚጓጓዝ በመሆኑና ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የተሰኘውን በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል በደንብ መፍላት ይኖርበታል። ለብ ባለ ሻይ ላይ ጥሬ ወተት መጨመር ጀርሞቹን አይገድልም።

በሻይ ውስጥ የሚገኘው ታኒን እንደ ምስር፣ ባቄላና ጤፍ ካሉ ምግቦች የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። ስለዚህ የደም ማነስ ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ሻይን ከምግብ ጋር ከሚጠጡት ይልቅ አንድ ሰዓት ያህል ቢያዘገዩት ይመረጣል።

ቡና፣ ሐሻራና ቁጢ

በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ከተሞች የተለመደው "ካሃዋ ቱንጉ" ማለትም መራራ ቡና፣ ያለ ስኳር በትንንሽ ሲኒ ከጣፋጭ ነገር ጋር ይቀርባል። በሐረር ደግሞ ከቡናው ፍሬ በተጨማሪ ገለባውና ቅጠሉም ይጠጣል። ሐሻራ ከቡና ገለባ፣ ቁጢ ከቡና ቅጠል የሚፈሉ ናቸው። ሐሻራን ለማዘጋጀት ገለባው ይታጠባል፤ ቀለል ተደርጎ ከታመሰ በኋላ በዝንጅብል ይፈላል።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 (እ.አ.አ) ባወጣው ግምገማ ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ቢወስዱ ስጋት እንደማይፈጥር ገልጿል። ይህን ሁሉ በምሽቱ ጥቂት ሰዓታት መውሰድ ግን እንቅልፍ ይነሳል። በአብዛኛው ሰው ሰውነት ውስጥ የገባው ካፌይን ግማሹ እስኪወገድ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከተራዊሕ ሶላት በኋላ የተጠጣ ቡና ለሱሑር እስኪነሱ ድረስ ሊያቆይ የሚችለውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ የጾም ቀናት ብዙዎችን የሚያስቸግረው ራስ ምታት አንዱ መነሻ ካፌይን በድንገት መቋረጡ ነው። ረመዳን ከመግባቱ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት አስቀድሞ የቡናውን መጠን ቀስ በቀስ መቀነስ ሕመሙን ያቀልላል።

ምን ያህል ይሙቅ?

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 (እ.አ.አ) ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሞቁ መጠጦችን "ካንሰር አምጪ ሳይሆኑ አይቀሩም" በሚለው ምድብ አስቀምጧቸዋል። ስጋቱ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ በሚወስደው ቧንቧ ላይ የሚከሰት ካንሰር ነው። ተቋሙ አደጋውን ያገናኘው ከሙቀቱ እንጂ ከሻዩ ወይም ከቡናው ጋር አይደለም።

ጉዳዩ ለቀጠናው ሩቅ አይደለም። ይህ ካንሰር በብዛት የሚታይበት የአፍሪካ ክፍል ከኢትዮጵያ ተነስቶ ኬንያን አቋርጦ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል። በምዕራብ ኬንያ ተካሂዶ በ2019 (እ.አ.አ) የታተመ ጥናትም መጠጥን በጣም ትኩሱን የሚጠጡ ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይቷል።

ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በምትገኘው ናይሮቢ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ከተጠቀሰው ወሰን በ30 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። በጥም የተቃጠለ ሰው ከእሳት የወረደውን ሻይ ወዲያው እንዳይጎነጭ፣ አስቀድሞ ውሃ ጠጥቶ ሻዩን ቀድቶ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት በቂ ነው። ምላስን የሚያቃጥል መጠጥ ገና ለመጠጣት አልደረሰም።

ስኳሩስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው የተጨማሪ ስኳር መጠን ቢቻል በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ እንዳይበልጥ ነው። በምሽት ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ጣፋጮቹ ሳይቆጠሩ ዘጠኝ ማንኪያ ይደርሳል። ቴምር አብሮ ከቀረበ ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ይቻላል፤ ሄልና ቀረፋም ጣዕም ይሰጡታል።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከመጾማቸው በፊት ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል። በኢትዮጵያ በረመዳን የሚዘወተረው አብሽም የደም ስኳርን ሊቀንስ ስለሚችል መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለሐኪማቸው ቢነግሩ መልካም ነው። የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች የወረደ ሰው ሰዓቱን ሳይጠብቅ ጾሙን እንዲፈታ የሕክምና መመሪያዎች ይመክራሉ።

ለሱሑር

ከንጋት በፊት የሚመረጠው ቀስ እያለ የሚፈጭ ነገር ነው። ከአጃ ወይም ከገብስ የተሠራ ወተት ያለው አጥሚት ሆድ ላይ ይቆያል። ሻይ ያስፈለገው ሰው ቀጠን አድርጎ ቢያፈላው፣ ውሃን ደግሞ በመጨረሻዋ ደቂቃ በብዛት ከመጠጣት ይልቅ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባሉት ሰዓታት ከፋፍሎ ቢጠጣው ቀኑ ይቀለዋል።