የበሽተኛ መጠጥ፦ ከአጥሚት እስከ ቆርቆሮ

አቃቂ ቃሊቲ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ዘመድ ያለው ሰው ፔርሙዝ ይዞ መሄዱ የተለመደ ነው። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ አጥሚት ነው። አቅም ያለው ደግሞ ከፋርማሲ በቆርቆሮ የታሸገ የውጭ ዱቄት ይገዛል። አቅም የሌለውም ተበድሮ ይገዛል። ለመሆኑ ቆርቆሮው ከፔርሙዙ በምን ይበልጣል? መልሱን ከታሪክ ብንፈልገው ይሻላል ብለን አሰብን።

የአጥሚት ችግር ውሃው ነው። ዱቄት ሲበስል ያብጣል፤ እንዲጠጣ ማቅጠን ግድ ይሆናል፤ ሲቀጥን ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ እምብዛም ጉልበት አይሰጥም። መብላት ያቃተው ሰው የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፤ በጥቂት ጉንጭ ብዙ ጉልበትና ፕሮቲን።

ይህን አገራችን ቀድማ አስባበታለች። እ.ኤ.አ. በ1962 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያና ስዊድን የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል አቋቋሙ፤ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ፋፋ የዚያ ሥራ ውጤት ነው፦ እህልና ጥራጥሬ፣ የወተት ዱቄት፣ ቫይታሚንና ማዕድን። ስሙ ራሱ ምኞት ነው። በ1973 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ኤንሹር ለገበያ ወጣ።

በ1990ዎቹ ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት ኤፍ-75 እና ኤፍ-100 የተባሉ ወተቶች መጡ። ቁጥሩ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ካሎሪ ነው። በ75ቱ የሚጀመረው በረሃብ የተጎዳ አካል ከባድ ምግብ በአንዴ ስለማይችል ነው። ግን ወተቱ ንጹሕ ውሃና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ቶሎም ይበላሻል። ስለዚህ እናት ሌሎች ልጆቿን ትታ ለሳምንታት ሕክምና ጣቢያ ትቀመጥ ነበር።

በ1996 አንድሬ ብሪያንና ሚሼል ሌስካን የተባሉ ፈረንሳውያን ውሃውን አስወጥተው በለውዝ ቅቤ ለወጡት፤ ፕላምፒ ነት ተባለ። ውሃ ስለሌለው ተህዋስያን በቀላሉ አይራቡበትም፤ ቤት ይወሰዳል። በ2000 ሐዲያ ባደዋቾ ውስጥ 170 ሕፃናት በቤታቸው ሆነው እንዲህ ባለ ምግብ ታከሙ፤ 85 በመቶው ዳኑ፣ 4 በመቶው ሞቱ። ውጤቱ በ2002 ላንሴት ላይ ወጣ፤ በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የቤት ሕክምናውን ደገፉ።

አዋቂስ? ጅማ ላይ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በሚጀምሩ 318 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2014 የታተመው ጥናት ለ3 ወር በቀን 200 ግራም የተመጣጠነ ቅባታማ ምግብ ማግኘት ክብደትን፣ ሥጋንና የእጅ ጥንካሬን እንደሚጨምር አሳየ።

እንግዲህ የቆርቆሮው ብልጫ በትንሽ መጠን ብዙ መያዙና መለካቱ ነው። ከዚህ ጥቂቱን ቤት ውስጥም ማግኘት ይቻላል፦ አጥሚቱን በውሃ ፈንታ በወተት መሥራት፣ ዘይት ወይም የለውዝ ቅቤ መጨመር። ለጠላ የምናውቀው የብቅል ዱቄት ጥቂቱ እንኳ ወፍራም አጥሚት ላይ ሲገባ ያለ ውሃ ያቀጥነዋል፤ ከዚያ መልሶ ማፍላት ነው። ስኳር ወይም ኩላሊት ያለበትና በጣም የከሳ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው። ምግብ ሕክምና መሆኑ በዚህችው አገር ተፈትኖ ታይቷል። ሆኖም ዛሬም ብዙ በሽተኛ መድኃኒቱ ይጻፍለታል፤ ምን ያህል እንደሚበላና እንደሚጠጣ የሚነግረው ግን ጠያቂው ነው። ማዘዣው ላይ ለምግብም አንድ መስመር ቢኖር ቤተሰብ ለቆርቆሮ ከመበደሩ በፊት የሚያስፈልገውን ባወቀ ነበር።