የታሸገ ጾም

ባለፈው ጥር፣ አሜሪካ ያለችው የታላቅ እህቴ ልጅ ለእናቷ አንድ ካርቶን ላከች። ሲከፈት ስምንት ጣሳ ዱቄት ወጣ። በየጣሳው ላይ ቀጠን ያለች ወይዘሮ ወገቧን ይዛ ትስቃለች። ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ በቁርስ፣ በምሳና በእራት ፈንታ መጠጣት ነው፤ ሌላ ምግብ የለም።

እታለም ስኳር ካደረባት አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ጧትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ሰውነቷም ከበድ ያለ ነው። «ውፍረት ቀንሺ» ያላላት ሐኪም ስለሌለ ደስ ብሏት ጀመረች። በአራተኛው ሌሊት በላብ ተነክራ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ጠፍቷት አገኘኋት። ደግነቱ መዋጥ አላቃታትም ነበርና ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጥተናት ነፍሷ ተመለሰች። ለካስ ምግቡን ስትተው መርፌውን አልቀነሰችም! ጣሳውን አገላብጬ ባየው፣ ስኳር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር የሚል ጽሑፍ ከጉንዳን ባነሰ ፊደል ተጽፎ አነበብኩ። የተናደድኩት ያኔ ነው። ንዴቱም ወደ መጻሕፍት መራኝ።

ስኳርን ምግብ በመከልከል ማከም ከኢንሱሊን የቀደመ ነገር ነው። ጆን ሮሎ የተባለው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሜሬዲዝ የሚባል ወፍራም ሻምበል እህልና አትክልት ትቶ በሥጋ ብቻ እንዴት እንደተሻለው ይተርካል። በ1870 ፓሪስ በፕሩሲያ ጦር ተከባ ሕዝቡ ሲራብ ደግሞ፣ አፖሊኔር ቡሻርዳ ከሕመምተኞቹ ሽንት ውስጥ ስኳሩ ሲጠፋ አየ። ከተማው ሁሉ እያለቀሰ ለእነዚያ ሰዎች ረሃቡ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሌላው ፈረንሳዊ የኤትየን ላንስሮ ነገር ነው። በ1880 ላይ ይህ ሰው በሽታውን ለሁለት ከፈለው፤ የወፍራሞች ስኳርና የቀጫጮች ስኳር ብሎ። የቀጫጮቹን ያመጣው የቆሽት መጎዳት ነው ሲል ጻፈ። እንዲህ ያለው ልዩነት በጊዜው በቅጡ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሕፃናት በከንቱ ባልተራቡ ነበር። አይ፣ «በከንቱ» ያልኩት ተገቢ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ይከራከረኛል።

ከ1914 ገደማ ጀምሮ በኒውዮርክ ፍሬደሪክ አለን፣ በቦስተንም ኤሊዮት ጆስሊን ሕመምተኞቻቸውን ወፍራም ቀጭን፣ ሽማግሌ ሕፃን ሳይሉ ያስርቡ ጀመር። ስኳሩ ከሽንት እስኪጠፋ ማስጾም፣ ከዚያም ምግቡን በግራም እየመዘኑ በጥቂቱ መመለስ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው የቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ልጅ ኤልሳቤጥ በ1919 ስትታመም አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። በነሐሴ 1922 ቶሮንቶ ባንቲንግ ዘንድ ስትደርስ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት፣ ክብደቷ 20 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። ኢንሱሊን ተወጋች፤ ትዳር መሠረተች፤ ልጆች ወለደች፤ እስከ 1981 ኖረች። እንግዲህ የአለን ረሃብ አላዳናትም፤ መድኃኒቱ እስኪደርስ ግን አቆያት። ብዙዎቹ እኩዮቿ መድኃኒቱን ሳያዩ በበሽታውም በረሃቡም አለቁ።

ረሃብን በጣሳ አሽጎ መሸጥ የመጣው በኋላ ነው። በ1959 ሜትሪካል የተባለ፣ በቀን 900 ካሎሪ ብቻ የሚሰጥ መጠጥ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ወጣ። በ1970ዎቹ ደግሞ ፈሳሽ ፕሮቲን የሚባለው ፋሽን ሆነና፣ በ1977 እና በ1978 ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎች ሲጠቀሙበት ሞቱ ተብሎ ለመንግሥት ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ዱቄቱ ተሻሽሏል፤ ማስታወቂያው ግን ያው ነው።

ይህን ሁሉ አንብቤ ጣሳዎቹን ልጥላቸው ተነስቼ ነበር። ያስቆመኝ በ2017 የወጣው የስኮትላንድና የሰሜን እንግሊዝ ጥናት ነው። በቀን ከ825 እስከ 853 ካሎሪ የሚሰጥ ዱቄት ከሦስት እስከ አምስት ወር ከጠጡት ሰዎች ውስጥ፣ በዓመቱ መቶኛ 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ወሰን በታች ሆኖ ተገኘ። አሥራ አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ መቶኛ 86ቱ። በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 36 ወረደ፤ ክብደቱ ሲመለስ ስኳሩም ይመለሳልና። ቢሆንም ቀልድ አይደለም። ሐኪሞቹ እንደሚሉት በጉበትና በቆሽት ውስጥ የተጠራቀመው ስብ ሲሟሟ ቆሽቱ ሥራውን እንደገና ይጀምራል።

ይሁንና እነማን ነበሩ? ስኳር ከያዛቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው፣ ኢንሱሊን የማይወጉ፣ ወፍራሞች። የስኳርና የደም ግፊት ክኒናቸውም ዱቄቱን በጀመሩበት ቀን እንዲቋረጥ ተደርጎ ሐኪምና ነርስ ይከታተሏቸው ነበር። እታለም ብታመለክት ከበር ትመለስ ነበር። የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ከገጠር ሲቀበሏቸው የኖሩት ከሲታ፣ ኢንሱሊን የግድ የሚሆንባቸው ወጣቶችማ ጨርሶ አይታሰቡም። ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የእንዲህ ያሉ ሰዎች ስኳር ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ የተቀበለው ገና በ2025 ነው። የላንስሮ ቀጫጮች መቶ አርባ አምስት ዓመት ቆይተው ተመለሱ እንበል?

እታለምን ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኳት። ጣሳውን አየ፤ አልሳቀም፤ አልተቆጣም። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእራት ፈንታ ትጠጣው አለና የመርፌውን መጠን ቀንሶ ጻፈላት፤ በየቀኑ ጣቷን እየወጋች አራት ጊዜ እንድትለካ አዘዘ። የመለኪያው ወረቀት ዋጋ ከዱቄቱ ሊበልጥ ነው ብዬ አጉረመረምኩ።

እቤት ገብተን የጣሳውን ጀርባ ሳነብላት፣ ዱቄቱ የተሠራው ከወተት መሆኑ ላይ ደረስኩ። ሁዳዴ ሊገባ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። እታለም ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቁምሳጥኑ መለሰቻቸው። «ለፋሲካ» አለችኝ።